ሳልጽፋት የተውኳት የብራና ቅጠል

የምነግራችሁ የስምንት ቀን ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬ ነበር፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ኖሬአለሁ፤ ግን ዕድሜዬን ስጠየቅ እነዚያን ስምንት ቀኖች ለብቻቸው መቁጠር ያምረኛል። አንዳንዶቻችሁ "ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል?" ትሉ ይሆናል። ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እናንተ እል ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታሪክ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የታች ጋይንት ገበሬ ልጅ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የጥንቱን የግሪክና የሮማን ታሪክ መረጥኩ። ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ ሐቁን ልንገራችሁ፤ ርዕሱ ከገብስና ከባቄላ ማሳ በራቀ ቁጥር እኔ ይበልጥ የተማርኩ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

በቤተ መጻሕፍቱ ስለ ግሪክና ሮማ የተጻፈው ሞልቶ የተረፈ ነው። ትናንሽ መሳቢያ ያለው የካርድ ሣጥን ነበር። መሳቢያውን ስባችሁ፣ ካርዶቹን አንድ ባንድ እየገለበጣችሁ ርዕሱን ትፈልጋላችሁ፤ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለሠራተኛዋ ትሰጣላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነበር። አርባ ገጽ ጻፍኩና ደረቴን ነፍቼ ለአማካሪዬ አስረከብኩ። እሱም በሳምንቱ ጠርቶ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠና፣

"እነዚህን መጻሕፍት እኔም አንብቤአቸዋለሁ" አለኝ። "አንተ ካነበብከው ውስጥ እኔ ያላነበብኩት የትኛው ነው?"

ወረቀቱን አገላበጥኩ፤ አንድም አልነበረም።

"አገርህ የብራና አገር ነው። ስለ ግሪክና ስለ ሮማ የሚያወራ አንድ ብራና እንኳ የለም? ካለ ሂድና አምጣልኝ፤ ከሌለ ይህ ጽሑፍ አያስመርቅህም።"

ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። ካልሆነ ዓመቱን መድገም ነበረብኝ። ዓመት ለመድገም ደግሞ የምመለስበት ያስፈልገኛል፤ እኔ ግን መሬትም በሬም አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ አሁን እነግራችኋለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዜማና ቅኔ ያስጀመሩኝ የኔታ ላእከ ይባላሉ። ድጓ ከሚመሰከርባት ከቤተ ልሔም ደብር ተምረው የተመለሱ፣ በእኛ ሰፈር ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሰው የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። ስማቸው በጋይንት ብቻ አልቀረም። ድንበር የተጋፋ፣ ወንድሙን የተቀየመ ሰው ከሲማዳም ከእስቴም ወደ እሳቸው ይመጣል። የኔታ አይፈርዱም፤ በጎልማሳነታቸው የደረሰባቸውን አንድ ነገር ይነግሩታል። ሰውዬው ሰምቶ፣ አቀርቅሮ ይሄዳል። ታርቋል ማለት ነው።

ከሁሉ ግን የምራናቸውን ታሪክ እንወድ ነበር። ምራን ማለት ቀንበርና ሞፈር የሚያያዝበት ጠፍር ነው፤ የኔታ በመቀነት ፈንታ እሱን ይታጠቃሉ። አባታቸው ሲሞቱ ለሳቸውና ለወንድማቸው ሁለት በሬ ተዉላቸው። የኔታም ወንድማቸውን "አንድ በሬ አያርስም፤ ሁለቱም ላንተ ይሁኑ፤ እኔ ምራኑን ልውሰድ" አሉት። "ምራን ምን ያደርግልሃል?" ሲላቸው፣ "ራሴን ከመምህር ደጅ አስርበታለሁ" ብለው ወጡ። ይህን ሲነግሩን ወገባቸው ላይ ያለውን ምራን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉታል፤ እኛም አፋችንን ከፍተን እናያለን።

አባቴ የሞተ ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ወርጄ ዘመናዊ ትምህርት ልማር፣ ወይስ ከታላቅ ወንድሜ ከደምሴ ጋር ልረስ ብዬ የኔታን አማከርኳቸው። ምንም አልመከሩኝም። የምራኑን ታሪክ ብቻ እንደገና ነገሩኝ። በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ቆሜ በሬዬንና የመሬት ድርሻዬን ለደምሴ ተውኩ፤ ሰውም አጨበጨበልኝ። ስሰናበታቸው የኔታ ምራናቸውን ፈቱ፣ በቢላ ለሁለት ከፈሉት፣ ግማሹን ሰጡኝ። ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጻሕፍቴን የማስርበት በእሱ ነበር።

አማካሪዬ ስለ ብራና ሲጠይቀኝ ታዲያ ወዲያው የመጡልኝ የኔታ ናቸው። በልጅነቴ አንድ ቀን ስለ ዮናናውያን፣ ማለትም ስለ ግሪኮች፣ ጠቢባንና ስለ ሮም ነገሥታት የሚናገር ብራና ማንበባቸውን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ አውድማው ሁሉ ጭድ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የኔታ ሲያዩኝ እንባቸው መጣ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩና ጉዳዬን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ብራናውን ካላገኘሁ እንደማልመረቅ፣ ካልተመረቅኩ መግቢያ እንደሌለኝ። ጆሮአቸውን አቁመው ሰሙኝ።

"ነበር" አሉ። "አንድ መነኩሴ ሲማዳ ወሰዱት። ወንዙ ማዶ ካለው ደብር ነበሩ። እዚያ ጠይቅ።"

"እርስዎ ዘንድ የቀረ የለም የኔታ?"

"እኔ ዘንድ ምን አለ ልጄ። እነዚህ ናቸው" አሉና ወደ ግድግዳው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሦስት መጻሕፍት በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው በችካል ተንጠልጥለዋል። "አንዱ የዘወትር ጸሎቴ ነው። አንዱ ዜማ ነው። ያ ዳር ያለው የሙታን ጸሎት ነው፤ ያለ ቀብር አይወርድም።"

የሙታን ጸሎት ያለ ቀብር ማውረድ ሌላ ሰው ወደ ሞት ይጠራል ይባላል። እንኳን ላወርደው፣ ትኩር ብዬም አላየሁት። መደባቸው ላይ፣ ከዚያው ማኅደር ሥር አንጥፈውልኝ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስንቅ አስያዙኝ፤ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኙኝና መርቀው ለቀቁኝ። ያን ምርቃት ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሲማዳ ስደርስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። በተነገረኝ ደብር መምሬ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። እግሬን አሳጥበው፣ እህል አቅርበው፣ ከዚያ ነው ምን እንደምፈልግ የጠየቁኝ።

"መነኩሴ?" አሉ። "ኧረ እዚህ እንዲህ ያለ መነኩሴ አልነበረም። እኔ እዚህ ደብር ከድቁና ጀምሬ አርባ ዓመቴ ነው።"

"መጽሐፉንስ አያውቁትም አባቴ? የዮናናውያንና የሮም ነገሥታት ዜና ያለበት።"

"መጽሐፉንማ አውቀዋለሁ። እስቴ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፣ ዲያቆን ሁኜ። የእስቴ መጽሐፍ ነው እሱ። ማነው ወደዚህ የላከህ?"

"የኔታ ላእከ።"

መምሬ ካሳ ጢማቸውን አሻሹና "እንግዲህ እርጅና ነው፤ ተሳስተው ይሆናል" አሉ። እኔም እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም አዘንኩላቸው። ያ ማስታወስ የማይሳነው ሰው እንዲህ ሆነ ብዬ።

ከሲማዳ እስቴ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እግሬ ነቅቶ ደም ይቋጥር ጀመር፤ የከተማ ጫማ ለዚያ አቀበት አልተሠራም። በመንገዴ ሁሉ ቀን እቆጥር ነበር። ሦስት ሳምንቱ እየተቆራረሰ ነው፤ መመለሻው አንድ ሳምንት ይበላል። ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ደብር በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረስኩና ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን ቄሰ ገበዝ አስጠራሁ። ቄሰ ገበዝ ተገኘ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ፊት ነሱኝ።

"ከተሜ መጽሐፍ ሲፈልግ መጽሐፉ ይጠፋል" አሉኝ።

"ልወስደው አይደለም አባቴ። ተቀምጬ ልጽፍበት ነው። የት እንዳለ ብቻ ልወቅ።"

የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ። የየኔታን ስም ስጠራ ፊታቸው ተለወጠ። ብድግ ብለው ገቡና የደብሩን ወንጌል በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር የደብር መዝገብ ወንጌሉ ነው። የመሬት ስጦታ፣ የዕቃ ቤት ንብረት፣ የተዋሰና የመለሰ ሁሉ፣ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ምስክር ተጠርቶ ይጻፋል። የመዘገቡት ነገር በእግዜር ፊት ነው፣ ፋቂ የለውም። አዲስ አበባ በካርድ ሣጥን ሁለት ወር የደከምኩበት ነገር እዚህ በአንድ ቅጠል ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ይህንንም በጽሑፌ አስገባዋለሁ አልኩ።

ቄሰ ገበዙ ገጹን ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት።

የዮናናውያን ጠቢባንና የሮም ነገሥታት ዜና የሆነውን መጽሐፍ፣ ላእከ የጋይንቱ በሦስት ምስክር ፊት እንደተዋሰ፣ አንብቦም እንዲመልስ ይላል። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ራሳቸው ቄሰ ገበዝ ተገኘ ናቸው።

"የዚያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ" አሉ። "አንድ ክረምት ብሎ ነው የወሰደው። ሃያ ሁለት ክረምት ሆነ። ሰው ስንልክ 'እያነበብሁት ነው' ይላል። ሊቅ ነውና አፈርነው።"

እኔ ግን እየሰማኋቸው አልነበረም። ጽሕፈቱን እያየሁ ነበር። በአንቀጹ መጨረሻ ካሉት አራት ነጥቦች የአራተኛው ጭራ ወደ ታች ተጎትቷል። እንዲያ አድርጎ የሚጽፍ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ አንዱ የኔታ ናቸው፣ ሌላው እሳቸው ብርዕ ያስጨበጡኝ እኔ ነኝ።

እርጅና አይደለም። መነኩሴም የለም፤ 'እያነበብሁት ነው' ካሉ መጽሐፉ ቤታቸው ነው። ያ ዳር ላይ የተንጠለጠለው ማኅደር ዓይኔ ላይ መጣ። ከሥሩ ተኝቼ አድሬ፣ በማግስቱ ስንቅ ተቋጥሮልኝ፣ ተመርቄ፣ ሲማዳ ድረስ ተሰድጃለሁ። ጉዳዬን ነግሬአቸው፣ እንደማልመረቅ አውቀው።

ወደ ጋይንት የተመለስኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። ሁለት ቀን መሄዴን የማውቀው ስለቆጠርኩት ነው። የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሹል አድርጌ አዘጋጀሁ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስደርስ የኔታ ደጃቸው ካለችው ወይራ ጥላ ሥር፣ ምራናቸውን ታጥቀው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በድንበር የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች አሉ። "እኔ ጎልማሳ ሳለሁ" እያሉ ይነግሯቸዋል። አጥር ተደግፌ ጠበቅኩ። ሰዎቹ አቀርቅረው ሰሙ፣ ተነሡ፣ ጉልበት ስመው አንድ ላይ ሄዱ።

"መጣህ ልጄ? ሲማዳስ ምን አሉህ?"

"ሲማዳ የለም።"

"አዬ፣ መነኩሴው ሙተው ይሆናል።"

"እስቴ ሄጄ ነበር የኔታ።"

እጃቸው ወደ ምራኑ ሄደ።

"ወንጌሉን አሳዩህ?"

"አሳዩኝ።"

"የማን ጽሕፈት እንደሁ ለየኸዋል።"

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

የኔታ ተነሡና ገቡ። ዳር ያለውን ማኅደር አውርደው አመጡልኝ። አቧራ እንኳ የለበትም፤ በየቀኑ የሚነካ መጽሐፍ ነው።

"የሙታን ጸሎት ነው ብለውኝ ነበር።"

"እዚያ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሙታን አይደሉም ወይ?" አሉ። እሳቸውም አልሳቁ፣ እኔም አልሳቅኩ።

ከፈትኩት። ያዘጋጀሁት ቁጣ ለጥቂት ጊዜ ከእጄ ወጣ፤ መካድ አልችልም። የሮም ንጉሥ የከተማውን ቅጥር በእግሩ ሲለካ፣ ጠቢቡ የንጉሥ እራት አልበላም ሲል፣ የአቴና ሰዎች አደባባይ ተሰብስበው ሲከራከሩ፣ ሁሉም በጥርት ያለ ግእዝ ተጽፏል። አማካሪዬ ያላነበበው ይኸው አለ። ተርፌአለሁ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ክሮቹን አየሁ። አንባቢ የሚፈልገውን ቦታ እንዳይጠፋበት በብራናው ጠርዝ ላይ ክር ይቋጥራል። እዚህ መጽሐፍ ላይ ሰባት ስምንት ቀይ ክር አለ። የመጀመሪያው ክር ያለበትን ገለጥኩ። ስለ አንድ ቅጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶችን አንድ ጠቢብ ሲያስታርቅ ይላል። የኔታ የአጎታቸውን ልጆች አስታረቅኩበት ብለው የነገሩን፣ ቃል በቃል እሱ ነው። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ወዳጁን አምቶ፣ ለቅጣት አንድ ዓመት አንደበቱን የዘጋ ሰው ነው። የኔታ ቤተ ልሔም ሳሉ አንድ ዓመት ዝም አልኩ ያሉን ነው። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። የመጨረሻውን ክር ያዝኩ።

ቅጠሏን ከግእዙ መልሼ እንደተጻፈችው ላስቀምጥላችሁ። "ከአቴና ሰዎች አንድ ጎልማሳ ነበር። አባቱ ሞቶ ከወንድሙ ጋር ሁለት በሬ ወረሱ። ጎልማሳውም ወንድሙን፣ አንድ በሬ አያርስም፣ ሁለቱም ለአንተ ይሁኑ፣ እኔ ምራኑን ልውሰድ አለው። ወንድሙም ምራን ምን ያደርግልሃል ቢለው፣ ራሴን ከጠቢብ ደጅ አስርበታለሁ አለ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

"ወንድም ነበረዎት የኔታ?"

"አልነበረኝም።"

"አባትዎ በሬ ነበራቸው?"

"አባቴ በሬ አልነበረውም። የሰው ጥማድ ነበር የሚከተል። እኔ ወደ ትምህርት የሄድሁ ርቦኝ ነው። ለተማሪ ቁራሽ አይከለከልም ሲሉ ሰምቼ፣ ቁራሹን ብዬ።"

"ምራኑስ?"

ወገባቸውን አዩት። "አርብ ገበያ ገዛሁት" አሉ።

መንገድ ላይ ሳሾለው የነበረው ቃል ስለ መጽሐፍ ነበር፤ ይህን አላሰብኩትም።

"መሬቴን ነው የተውኩት የኔታ" አልኩ። ድምፄ የሕፃን ሆነብኝ። "በሬዬን ነው የተውኩት። ሽማግሌ ፊት። እርስዎ እንዳደረጉት ላድርግ ብዬ።"

"ርቦኝ ነው የተማርሁ ብልህ ትተህ ትሄድ ነበር?"

"አልሄድም ነበር።"

"እኮ።"

"እኮ ምን? እኮ ምን የኔታ? አውቀው ነው ማለት ነው። ቆመው አዩኝ። ቆርጠው ሰጡኝ።"

ጭንቅላታቸው ዝቅ አለ። ያን ያህል ያረጁ መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት፤ ግን አላዘንኩላቸውም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው "ታዲያ ውሸቱ ለበጎ አልዋለም? ዩኒቨርሲቲ አልገባህም?" ይለኛል። ገባሁ። የተታለልኩበት ጥቅም ስላገኘሁበት አልተታለልኩም ማለት አይደለም። ለራሴ የመረጥኩ መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ ምርጫው ግን የኔም የሳቸውም አልነበረም። ተፈጥሮ ይሁን አይሁን የማይታወቅ የአንድ የአቴና ጎልማሳ ምርጫ ነበር።

የኔታም፣ "ተቀመጥና ሁሉን ጻፍ" አሉኝ። "አልከለክልህም። ያችን አንዲት ቅጠል ግን እኔ እስክሞት አታውጣት። እነዚያን ሁለት ሰዎች አይተሃል። ነገሩ ከዮናናውያን የተወሰደ ነው ቢባል ነገ ወሰናቸውን ያፈርሳሉ።"

ግማሹ እውነት ነበር፣ ግማሹ ሽንገላ። የፈሩት ለገበሬዎቹ ወሰን ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቃል አልገባሁላቸውም። ወረቀቴን አውጥቼ ከወይራው ሥር ተቀመጥኩ።

ሁለት ቀን ጻፍኩ። ማታ ማታ ወንድሜ ቤት እያደርኩ ጠዋት እመለሳለሁ። እህል ሲያቀርቡልኝ "ጾም ነኝ" እላለሁ። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አልነበረም፤ ሰኞና ማክሰኞ ነው። የኔታ ገበታውን መልሰው ይዘው ይገባሉ። የጾሙን ቀን ለይተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና አንድም ጊዜ አልተሳሳትክም ወይ አላሉኝም።

በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ያችን ቅጠል ደረስኩባት። ብርዔ ቆመ። እጽፋታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ከዚያ ገለጥኩና ወደ ቀጣይዋ አለፍኩ። ራርቼ ነው እንዳልላችሁ፣ አልራራሁም። ያችን ቅጠል ብጽፋት ሞኝነቴን አብሬ መጻፌ ነበር። አንድ ሰው አንብቦ "በዚህ ተረት መሬቱን የተወ አለ" ብሎ የሚስቅብኝ መሰለኝ። እሳቸውን የሸፈንኩ መስሎኝ ራሴን ሸፈንኩ።

ስጨርስ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መልሼ አነገትኩት። "እስቴ በመንገዴ ላይ ነው፤ አደርሰዋለሁ" አልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯቸው የኖረ ነው። ባዶውን ችካል አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት የለብኝም።

ደምሴ አውድማው ላይ ጭድ ሲሰበስብ ደረስኩበት። ስለ ነገሩ አልነገርኩትም ነበር። መጻሕፍቴን ያሰርኩበትን ምራን አየና ፈገግ አለ።

"ገና አለች?"

"አለች።"

"ሽማግሌ ፊት በሬህን ለኔ ሰጥተህ፣ በማግስቱ እሷን ብቻ ይዘህ ስትሄድ እንዴት ቀንቼብህ እንደነበር። እኔ ምን ነክቶኝ ነው በሬ የመረጥሁ እያልሁ ስንት ጊዜ ሞፈሩን ረገምሁት።"

አንድ ቃል ብናገር ያለቅስ ነበር ወይም ይስቅ ነበር፤ የትኛው እንደሚብስ አላወቅኩምና "በርታ" ብዬው ሄድኩ።

ቄሰ ገበዝ ተገኘ መጽሐፉን ሲቀበሉ ስመው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ወንጌሉን አምጥተው፣ ምስክር ጠርተው፣ "ተመለሰ" ብለው ጻፉበት። "እንዴት ሁኖ ጠበቀው?" አሉኝ። "ደህና አድርገው" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ጽሑፉ ተወደደ። አማካሪዬ እየገለጠ ራሱን ነቀነቀና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ብራናውን ሙሉውን ነው የገለበጥከው?"

"ሙሉውን" አልኩ። ዓይኑን እያየሁ፣ ሳልንተባተብ። እንዲህ አድርጎ መዋሸት ያን ቀን ከየት እንደመጣልኝ ብትጠይቁኝ፣ አስተማሪዬን ታውቃላችሁ።

ተመረቅኩ። አስተማሪ ሆንኩ። ጽሑፌም ቤተ መጻሕፍቱ ገባ፤ በካርድ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሁለት ወር ስገለብጥ በከረምኩበት መሳቢያ፣ በግሪክና ሮማ ርዕስ ሥር ስሜ ያለበት ካርድ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አየሁት። በሥራዬ ሁሉ ተማሪዎቼን "ምንጫችሁን ንገሩ፣ ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ" እያልኩ ስገስጽ፣ አንድ ቅጠል የጎደለው የራሴ ጽሑፍ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ ነው። እሱን አምኖ የጻፈ ተማሪ ካለ ይህን እንዲያነብልኝ እለምናለሁ፤ የጎደለችው ቅጠል ከላይ ያስቀመጥኳት ናት።

የኔታ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። ደምሴ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከጋይንትም ከሲማዳም ከእስቴም ሰው እንደ ጉድ መጥቶ ነበር አሉ፤ የታረቁት ሁሉ። ለተዝካራቸው አልሄድኩም። ብሄድ ኖሮ እያንዳንዱ ሰው ያስታረቁትን ነገር ሲያወራ ከየትኛው ክር እንደሆነ እያወቅኩ መስማት ነበረብኝ። እስክሞት ብለውኝ ነበር፤ ከሞቱም በኋላ ግን ዝም አልኩ። የሳቸው ምስጢር መሆኑ ቀርቶ የኔ ሆኖ ነበርና።

አንባቢዎቼ፣ ይቅር ብለሃቸዋል ወይ ብትሉኝ፣ አላልኳቸውም። ማንበብ ያስተማረህ ማነው ብትሉኝ ደግሞ ስማቸውን ነው የምጠራው፤ ሌላ ስም የለኝም። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም፤ ኖረው ግን አይቻለሁ።

ያችን ግማሽ ምራን አልጣልኳትም። አልታጠቅኳትም፣ መጽሐፍም አላሰርኩባት። ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ በችካል ተንጠልጥላለች። የሚመጡ ተማሪዎች ያዩዋትና ምንድን ናት ይሉኛል። ምራን ናት እላቸዋለሁ። ያባትዎ ናት? ይሉኛል፤ ታሪክ ይፈልጋሉ፣ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ እንዲያ ነበርኩ።

"አይደለችም" እላቸዋለሁ። "ከአርብ ገበያ የተገዛች ናት።"